አንድ ስም ለሁለት ዛፍ፤ ስለ አትክልት ስሞችና ስለ መዝገባቸው አሠራር

በአዲስ አበባ በስተ ሰሜን ምሥራቅ፥ በየካ ክፍለ ከተማ፥ ከእንጦጦ ተራሮች ግርጌ የሚኖር ሰው የግቢው ዐጥር ምን እንደ ሆነ ቢጠየቅ «ጥድ ነው» ብሎ ይመልሳል። ያው ሰው ወደ ደብሩ ሄዶ በዐጸዱ ውስጥ ስለ ቆመው በዕድሜ የገፋ ዛፍ ቢጠየቅ፥ መልሱ እንደ ፊተኛው «ጥድ ነው» የሚል ነው። በሁለቱም መልሶች ውሸት የለም። ነገር ግን ሁለቱ ዛፎች አንድ አይደሉም፤ የትውልድ አገራቸውም የተራራቀ ነው።

በደብሩ ዐጸድ የሚገኘው በዕፀዋት ሊቃውንት ዘንድ ዩኒፔሩስ ፕሮሴራ የሚባለው ነው። ይህ ዛፍ የኢትዮጵያ ደጋ፥ የምሥራቅ አፍሪካ ተራሮችና የዐረብ ልሳነ ምድር ደቡብ ምዕራብ ክፍል ተወላጅ ነው። ዐጥር የሆነው ግን ኩፕሬሱስ ሉሲታኒካ ይባላል፤ የመጣውም ከሜክሲኮና ከማዕከላዊ አሜሪካ ነው። ሁለቱ ከአንድ የዕፀዋት ቤተ ሰብ ስለ ሆኑ በቅጠላቸው ይመሳሰላሉ። ፍሬያቸውን የተመለከተ ግን አይሳሳትም። የፊተኛው ፍሬ ሥጋ ያለው ትንሽ እንክብል ነው፤ ሲበስል ወደ ጥቁር ሰማያዊ ያደላል፤ ወፎችም እየበሉት ዘሩን ወደ ሌላ ስፍራ ያደርሱታል። የኋለኛው ፍሬ እንደ እንጨት የጠነከረ ድቡልቡል ነገር ነው፤ ሲደርቅ ቅርፊቶቹ ይከፈቱና ዘሩ ይረግፋል። የፊተኛው እድገቱ ዝግ ያለ ነው፤ እንጨቱ ግን ምስጥ የማይደፍረው በመሆኑ ለቤትና ለቤተ ክርስቲያን ምሰሶ ሲመረጥ ኖሯል። የኋለኛው ፈጥኖ ያድጋል፤ በመቀስ ሲከረከምም ይታገሣል፤ ስለዚህ በከተማ ለዐጥር ተወደደ።

ቋንቋው ይህን ልዩነት ሳያውቅ የቀረ አይደለም። መለየት በሚያስፈልግበት ጊዜ ሕዝቡ አንዱን «የሐበሻ ጥድ»፥ ሌላውን «የፈረንጅ ጥድ» ይላል። በኦሮምኛም የአገሩ ዛፍ ጋቲራ ሲባል ለመጤው «ፈረንጂ» የሚል ቅጽል ተጨምሮለታል፤ ይህም ሁለቱ ቋንቋዎች በአንድ ዐይነት ዘዴ እንደ ሠሩ ያሳያል። እንግዲህ መመርመር የሚገባው ሁለቱ ዛፎች ስም መጋራታቸው ብቻ አይደለም። ከዚያ የሚበልጠው ጥያቄ ቅጽሉ በዕለት ተዕለት ንግግር በወደቀ ጊዜ «ጥድ» የሚለው ባዶ ስም ለየትኛው ዛፍ ይቀራል የሚለው ነው። ለዚህ ጥያቄ መልስ የማይሰጥ የዕፀዋት ስም መዝገብ፥ ቃሉን ቢመዘግብም ነገሩን እንዳልመዘገበ ይቈጠራል።

በአገራችን በዚህ ረገድ የተደከመው ድካም ቀላል አይደለም። በ1987 (እንደ አውሮፓ አቈጣጠር) ለአራተኛ ጊዜ የታተመው የወልደ ሚካኤል ቀለቻ የኢትዮጵያ ዕፀዋት ስሞች መዝገብ፥ የአገር ስምን ከላቲን ስም ጋር በማጣመር ለደን ሠራተኛውም ለተማሪውም መንገድ ከፍቷል። በ1993 እ.ኤ.አ. የወጣው የአዘነ በቀለ ተሰማ ስለ ጠቃሚ ዛፎችና ቍጥቋጦዎች የተጻፈ መጽሐፍ ደግሞ ለእያንዳንዱ ዛፍ በየቋንቋው የሚጠራበትን ስም ለይቶ ያቀርባል። የአዲስ አበባና የኡፕሳላ ዩኒቨርሲቲዎች ሊቃውንት የደከሙበትና ከ1989 እስከ 2009 እ.ኤ.አ. በተከታታይ የታተመው የኢትዮጵያና የኤርትራ ፍሎራ ዕፀዋቱን ራሳቸውን በሙሉ ገለጸ። እነዚህ ሥራዎች ባይኖሩ ኖሮ ስለዚህ ነገር መነጋገር እንኳ ባልተቻለም ነበር።

ይሁን እንጂ ስምን ከስም ጋር የሚያጣምር መዝገብ በአሠራሩ አንድ ጕድለት አለው። በአንድ በኩል የአገር ስም፥ በሌላ በኩል የላቲን ስም ይሰለፋሉ፤ በመካከላቸው ያለው ባዶ ቦታ እንደ እኩልነት ምልክት ሆኖ ይነበባል። ስሙ በየትኛው ቀበሌ፥ በማን አፍ፥ በየትኛው ዘመን እንደ ተሰማ ግን በአብዛኛው አይነገርም። ከአንድ ስም ጐን ሁለትና ሦስት የላቲን ስሞች ተደርድረው ሲገኙ አንባቢው ሕዝቡ መለየት አልቻለም ብሎ ይፈርዳል፤ ወይም ከተደረደሩት መካከል ፊተኛውን መርጦ ሌላውን ይተዋል። ሁለቱም ስሕተት ነው። ስሞች የሚጋሩበት ምክንያት አንድ ዐይነት ስላልሆነ በአንድ መስመር ሊጻፉ አይገባም።

አንዳንዱ መጋራት ከእውነተኛ ዝምድና የመጣ ነው። ጦስኝ የሚባለው የደጋ ቅጠል በሊቃውንት ዘንድ ቲሙስ ሺምፔሪና ቲሙስ ሴሩላቱስ ተብሎ ለሁለት ይከፈላል። ለወጥ ማጣፈጫም ሆነ ለሻይ የሚለቅመው ሰው ግን በመዓዛቸውና በጥቅማቸው አንድ ስለ ሆኑለት አንድ ስም ሰጣቸው። በዚህ የሚጐዳ የለም።

አንዳንዱ መጋራት ግን ከዝምድና ጋር ምንም ግንኙነት የለውም። ጥቁር አዝሙድና ነጭ አዝሙድ በአንድ ቅመም ሻጭ ፊት ጐን ለጐን ይቀመጣሉ፤ ስማቸውም ወንድማማቾች ያስመስላቸዋል። ነገር ግን ነጭ አዝሙድ ከድንብላልና ከእንስላል ቤተ ሰብ ሲሆን፥ ጥቁር አዝሙድ ከዚህ ፈጽሞ የተለየ ቤተ ሰብ ነው። ያገናኛቸው ድልኸና በርበሬ የምታዘጋጅ ሴት እጅ ነው፤ ስማቸው የወጥ ቤት ስም እንጂ የዱር ስም አይደለም። ደግሞም ቅጽሉ ከቶ ስለማይወድቅ ማንም ሰው አንዱን ፈልጎ ሌላውን አይገዛም። ባለቤት «አዝሙድ ግዢ» ብላ የላከቻት ልጅ «ጥቁሩን ነው ነጩን?» ብላ ሳትጠይቅ አትሄድም።

ሦስተኛው ዐይነት መጋራት ማስጠንቀቂያ ነው። ከሥሩ ኮረት ያለው፥ ሽንኩርት የሚመስል፥ ነገር ግን የማይበላ ልዩ ልዩ ተክል «የጅብ ሽንኩርት» ይባላል። በዚህ ስም የሚጠሩት ተክሎች እርስ በርሳቸው የግድ አይዛመዱም። ስሙ የሚናገረው ስለ ዘራቸው ሳይሆን ስለ ሰው ነው፤ መልኩን አይተህ አትታለል፥ ይህ የሰው ምግብ አይደለም ማለት ነው። እንዲህ ያለውን ስም ከአንድ የላቲን ስም ጋር ብቻ አጣምሮ የሚጽፍ ሰው ማስጠንቀቂያውን አጥፍቶ መጠሪያውን ብቻ ያስቀራል።

የዚህ ተቃራኒም አለ። በየካ ግቢዎች የሚተከለው ጽጌረዳና በእንጦጦ ጥሻ ውስጥ የሚያድገው ቀጋ በሊቃውንት ዘንድ ከአንድ ወገን ናቸው፤ ቀጋ ሮዛ አቢሲኒካ ይባላል። ሕዝቡ ግን ሁለት ስም ሰጣቸው። ጽጌረዳ ለዐይንና ለሽታ የሚተከል ነው፤ ቀጋ ግን እረኛ ፍሬውን የሚበላው እሾኻም ቍጥቋጦ ነው። እንግዲህ ሕዝቡ የሚያየው የአበባውን አሠራር ሳይሆን ተክሉ ከሰው ጋር ያለውን ኑሮ እንደ ሆነ ከዚህ ይታወቃል።

ወደ ጥዱ ነገር የሚመልሰን አራተኛው ዐይነት ነው። እርሱም መጤው የነባሩን ስም ሲወርስ የሚታየው ነው። ለዚህ ከድንች የተሻለ ምሳሌ አይገኝም። ዛሬ ድንች ሲባል ሁሉ የሚያስበው ከደቡብ አሜሪካ ተራሮች የተገኘውን ተክል ነው። ይህ ተክል ወደ ኢትዮጵያ የገባው በ1858 እ.ኤ.አ. በጀርመናዊው የዕፀዋት ተመራማሪ በሺምፐር አማካይነት እንደ ሆነ ይነገራል። ነገር ግን «ድንች» የሚለው ስም ከእርሱ በፊት የነበረ ነው። ስሙ በኢትዮጵያ ደጋ በጓሮ ሲተከል የኖረው፥ ከመሬት በታች የሚበላ ሥር የሚያወጣው፥ በወገኑ ለበሶብላ የሚቀርበው ተክል ነበር። መጤው ድንች ግን የቲማቲምና የበርበሬ ቤተ ሰብ ነው። ሁለቱን ያዛመዳቸው ተቆፍረው መውጣታቸውና ተቀቅለው መበላታቸው ነው።

በመጀመሪያ እንግዳው በነባሩ ስም ተጠራ። ውሎ አድሮ እንግዳው በዛ፤ በየገበያው ሞላ፤ ስሙንም ብቻውን ያዘው። ነባሩም በቤቱ እንግዳ ሆኖ ቅጽል ተጨመረለትና «የወላይታ ድንች»፥ «የኦሮሞ ድንች»፥ «የአገው ድንች» እየተባለ፥ በሚገኝበት አገር ወይም በሚተክለው ሕዝብ ስም ይጠራ ጀመር። ስኳር ድንችም በኋላ ሲጨመር በአንድ ስም ሥር ሦስት ቤተ ሰቦች ተሰበሰቡ። «ድንች» የሚለውን ቃል በዛሬው ትርጕሙ ብቻ የሚፈታ መዝገብ፥ በዱሮ ጽሑፍ ውስጥ ቃሉን ላገኘ ተመራማሪ መሪ ሳይሆን አሳሳች ይሆንበታል።

በየካም በጥዱ ላይ የሆነው ይኸው ነው። ቀድሞ ቅጽል የሚያስፈልገው መጤው ዛፍ ነበር። ዛሬ በከተማው ውስጥ ላደገ ልጅ ጥድ ማለት ቤቱን ከመንገድ የሚጋርደው፥ በየጊዜው የሚከረከመው ዐጥር ነው። «የሐበሻ» የሚል ቅጽል ካልተጨመረለት በደብሩ ዐጸድ ያለው ዛፍ አይታሰበውም። ባዶው ስም ከነባሩ ወደ መጤው ተሻግሯል። መሻገሩንም ማንም አላወጀም፤ ማንም አልመዘገበም፤ ዐጥሩ እየበዛና ዱሩ እያነሰ ሲሄድ በራሱ ጊዜ ሆነ።

መጤ ዛፍ ሁሉ ግን የነባር ስም አይወርስም። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን፥ በ1887 ዓ.ም. ገደማ፥ ከአውስትራልያ የመጣው ዛፍ «ባሕር ዛፍ» ተብሎ አዲስ ስም ወጣለት። ይኸውም ከባሕር ማዶ የመጣ ዛፍ ማለት ነው፤ «የባሕር ማሽላ» ተብሎ ይጠራ የነበረው በቈሎም ስሙን ያገኘው በዚሁ መንገድ ነው። በኦሮምኛ ባርገሞ መባሉም ይህንኑ የባሕር ማዶ ትርጕም ይይዛል። ባሕር ዛፍ አዲስ ስም ያገኘበት ምክንያት ግልጥ ነው፤ በእንጦጦ ላይ እርሱን የሚመስል ዛፍ አልነበረም። የፈረንጁ ጥድ ግን የሚመስለው ዛፍ ስላገኘ የእርሱን ስም ለበሰ። ስለዚህ የእንጦጦን ተራራ የለወጠው ባሕር ዛፍ በስሙ መጤነቱን እየተናገረ ይኖራል፤ የፈረንጁ ጥድ ግን መጤነቱ በስሙ ተሸፍኖ ይኖራል። በቍጥር የበዛው ባሕር ዛፍ ቢሆንም በቋንቋ በኩል የበለጠ የሚያሳስተው ጥዱ ነው።

በባሕር ዛፍ ስም ውስጥም መጋራት አለ። በእንጦጦ ከፍታ የሚበዛው «ነጭ ባሕር ዛፍ» ኤውካሊፕቱስ ግሎቡሉስ ነው፤ ዝቅ ወዳለውና ወደ ሞቃቱ አገር የሚስማማው «ቀይ ባሕር ዛፍ» ደግሞ ኤውካሊፕቱስ ካማልዱሌንሲስ ነው። ነገር ግን ሁለቱም መጤዎች ስለ ሆኑ ቅጽሉ ቢወድቅም ታሪክ አይፋለስም፤ የሚፋለሰው የእንጨቱ ዋጋ ብቻ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። የአገር ስም እንዲህ የሚያምታታ ከሆነ በላቲን ስም ብቻ መጠቀም አይሻልምን? ይህ ሐሳብ በከፊል እውነት አለው። የላቲን ስም ሕግ አለው፤ እያንዳንዱም ስም በቤተ መዘክር ከተቀመጠ አንድ የደረቀ ናሙና ጋር የተያያዘ ነው። ከዚህ ብርታቱ በቀር ግን የላቲን ስምም ከአሳሳችነት ነጻ አይደለም። ሉሲታኒካ ማለት የፖርቱጋል ማለት ነው፤ ዛፉ ግን የሜክሲኮ ነው። እንግሊዛዊው ሚለር በ1768 እ.ኤ.አ. ስሙን ሲያወጣለት በፖርቱጋል ተተክሎ ያደገውን ዛፍ መሠረት በማድረጉ ይህ ስም ቀረ። የቀይ ባሕር ዛፍ የላቲን ስምም ያደገበትን አውስትራልያን ሳይሆን በኢጣልያ ናፖሊ አጠገብ የነበረውን የካማልዶሊ የአትክልት ቦታ ያስታውሳል። በክረምት በአዲስ አበባ መንገዶች የሚሸጠው የቍልቋል በለስ ደግሞ ፊኩስ ኢንዲካ፥ ማለትም የህንድ በለስ የሚል ቅጽል ተሰጥቶታል፤ እርሱም ከሜክሲኮ የመጣ ነው፤ ከመጽሐፍ ቅዱሱ በለስም ጋር አይዛመድም። የነባሩ ድንች ስም እንኳ በሊቃውንት ዘንድ ከኮሌዩስ ወደ ፕሌክትራንቱስ፥ በ2019 እ.ኤ.አ. ደግሞ ተመልሶ ወደ ኮሌዩስ ተዛውሯል። የሊቃውንትም ስም እንደ ሕዝቡ ስም በእንግድነትና በመምሰል ላይ ሲመሠረት ይታያል። ልዩነቱ ሊቃውንቱ ለውጡን በቀንና በስም መመዝገባቸው ነው። ለአገር ስሞች የጐደላቸውም ይኸው ነው።

ይህ የቃላት ክርክር ብቻ የሚመስለው ቢኖር የእንጦጦን ነገር ይመልከት። የኢትዮጵያ ቅርስ ባለአደራ ማኅበር በእንጦጦ ላይ ባሕር ዛፍን በአገር በቀል ዛፎች ለመተካት ደክሟል፤ በተራራው ምዕራባዊ ወገን የጉለሌ ዕፀዋት ማእከል ተቋቁሟል፤ በ2013 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ የእንጦጦ ፓርክ ተከፍቷል፤ ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮም በየክረምቱ በአረንጓዴ ዐሻራ ዘመቻ ችግኝ ይተከላል። በእንዲህ ያለ ሥራ መካከል «ይህን ያህል ጥድ ተተከለ» የሚል አንድ መስመር ሲጻፍ ምን ተጻፈ ማለት ነው? ነባሩ ጥድ ከሆነ ከወይራውና ከኮሶው ጋር የቀድሞው ደን እየተመለሰ ነው። የፈረንጁ ጥድ ከሆነ አንዱ መጤ በሌላው መጤ ተተካ ማለት ነው። ሁለቱ ነገሮች ተቃራኒ ናቸው፤ ወረቀቱ ላይ ግን አንድ ቃል ናቸው። ከችግኝ ጣቢያ ችግኝ የሚጠይቅ ሰውም ቅጽሉን ካልጨመረ የሚሰጠው በእጅ የተገኘው፥ ፈጥኖ የሚያድገውም ነው።

ከዚህ የሚብሰው ግን በትዝታ ላይ የሚደርሰው ጕዳት ነው። ሽማግሌዎች «እንጦጦ ቀድሞ የጥድ አገር ነበር» ይላሉ። ቃላቸው እውነት ነው። የሚሰማቸው ወጣት ግን በሐሳቡ የሚሥለው የተከረከመውን ዐጥር ስለ ሆነ፥ እውነቱ በጆሮው ገብቶ በልቡ ሐሰት ይሆናል። የጠፋው ደን አልጠፋም፥ እንዲያውም በየቤቱ ዙሪያ በዝቷል ብሎ ቢያስብ አይፈረድበትም። አንድ ሕዝብ ዛፉን ካጣ በኋላ ስሙን ቢይዝ ያጣውን ነገር ያውቃል፤ ስሙ ለሌላ ከተሰጠ ግን ማጣቱንም አያውቅም።

ስለዚህ ከእንግዲህ የዕፀዋት ስም የሚሰበስቡ ተመራማሪዎችና ተማሪዎች አራት ነገር ሊጠብቁ ይገባል። ፊተኛው፥ ስሙ የተሰማበትን ቀበሌና ዓመት መጻፍ ነው፤ በየካ የተሰማ «ጥድ» በመንዝ ከተሰማ «ጥድ» ጋር አንድ ነው ብሎ አስቀድሞ መፍረድ አይገባም። ሁለተኛው፥ ባዶውን ስምና ቅጽል ያለውን ስም ለያይቶ መመዝገብ፥ ባዶው ስም ለየትኛው እንደ ቀረም መጠየቅ ነው። ሦስተኛው፥ ስሙን ከተናገረው ሰው ጋር ወደ ተክሉ ሄዶ ቅርንጫፉን ከነፍሬው ቈርጦ፥ አድርቆ፥ በ1959 እ.ኤ.አ. በተመሠረተው ብሔራዊ ሄርባሪየም ማስቀመጥ ነው። ከቤት ተቀምጦ ስሙን ከመዝገብ ወደ ላቲን መገልበጥ ምርምር አይባልም። አራተኛው፥ ስሙ የተጋራበትን ምክንያት መጻፍ ነው፤ ዝምድና ነው፥ ጥቅም ነው፥ ማስጠንቀቂያ ነው፥ ወይስ ውርስ?

የአራተኛው ጥያቄ መልስ የሚገኘው ከመጽሐፍ ሳይሆን ከሰው ነው። ጦስኝ የሚለቅመው፥ ቅመም የምትሸጠው፥ ዐጥር የሚከረክመው፥ የደብሩን ዐጸድ የሚጠብቀው ሁሉ ለምን እንዲህ ብሎ እንደሚጠራ ያውቃል፤ የሚጠይቀው ግን እምብዛም አላገኘም። ይልቁንም ጥድ ማለት ሌላ ዛፍ በነበረበት ጊዜ ያደጉት ሽማግሌዎች በየዓመቱ እያነሱ ስለሚሄዱ፥ ጥያቄው ለነገ የሚባል አይደለም። እስከዚያው ድረስ ግን ስለ እንጦጦ የሚጽፍ ሁሉ «ጥድ» ብሎ ከመጻፉ በፊት ቀና ብሎ ፍሬውን ይመልከት።